ስልኩን ወደ ጎማው ያስጠጉልኝ

ከቆሰበር በወጣሁበት ማለዳ ጭጋጉ መንገዱን ውጦት ነበር። የአገሬ ሰዎች ይህን ስል ይገባችኋል። ሌሎቻችሁ ግን ጭጋግ ስላችሁ ከሩቅ ተራራ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ነገር እንዳይመስላችሁ። የኛው በር ከፍተው ሲወጡ ፊት ላይ የሚለጠፍ ነው። አባዬ የሚኒባሱን መብራት ቢያበራ ባሰበት፤ ከፊታችን ነጭ ግድግዳ ቆመ። እናቴ ይህን ስታይ ቀዩን የአንገት ልብሷን ፈታችና በሁለት እጇ ከጀርባዋ ዘርግታ ይዛ ከፊት ከፊታችን መሄድ ጀመረች። አባዬም ቀዩን ጨርቅ እያየ፣ እግሩን ፍሬን ላይ አድርጎ፣ ቀስ እያለ ተከተላት። እስከ አስፋልቱ ድረስ እንዲህ ሄድን። አገሬን ስለቅ መንገድ የመራችኝ እናቴ ናት።

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ በመስኮቱ በኩል አንገቴን አቀፈችኝ። እናቴ የአገው ልጅ ናት። ገበያ ላይ አማርኛዋ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ሆዷ ሲባባ ግን ጥሏት ይሄዳልና በአዊኛ ነው የምታለቅሰው። “ብርዱ አጥንትሽ ውስጥ እንዳይገባ። የማታውቂውንም ሰው ቢሆን ቀድመሽ ሰላም በይው” አለችኝ። የመጀመሪያውን ምክር መፈጸም አልቻልኩም። ሁለተኛውን ስፈጽም ደግሞ ሰው ሁሉ ደነገጠብኝ። በምኖርበት አገር መንገድ ላይ የማያውቁትን ሰው ሰላም ያለ ወይ ሰክሯል ወይ ሊሸጥ የፈለገው ነገር አለ።

ባለቤቴ ዘላለም ከኔ ቀድሞ ከወጣ ዓመታት አልፈው ነበር። በሱዳን በኩል የሄደበትን መንገድ ሙሉውን ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ኖርዌይ የመኖሪያ ወረቀት ሰጥታው፣ ሚስቱን ማምጣት እንደሚችል የተነገረው ቀን ደውሎ “ብርቄ፣ ተፈቀደ” አለኝ። ስለዚህ የኔ ስደት በአውሮፕላን ነው። በረሃ አልረገጥኩም፣ ጀልባ ላይ አልወጣሁም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ከኔ እጅግ የበለጠ የከፈሉ ሰዎች ይህን እንደሚያነቡ ስለማውቅ ነው።

ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ አባዬ ዳንግላ ላይ ጋራዡ በር አቆመልኝ። እኔ መካኒክ ነኝ። ቴክኒክና ሙያ አውቶ ስመዘገብ “የልብስ ስፌቱ ሞልቶ ነው?” ያላለኝ ዘመድ የለም። አልሞላም ነበር። አባዬ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሹፌር ነው፤ እኔም ያደግኩት መኪና ሥር ነው። ትምህርቴን ስጨርስ እዚያ ጋራዥ ገባሁና እስከ መውጫዬ ድረስ እዚያው ሠራሁ። ባልደረቦቼ እጃቸው ግራሶ ስለነበር አንጓቸውን እየዘረጉ ተሰናበቱኝ። አንዱም አላለቀሰም። ጀርባዬን ሳዞር ግን መዶሻው ሁሉ ዝም ማለቱን ሰማሁ፤ መኪናችን እስክትርቅ ድረስ ማንም ሥራ አልጀመረም።

ስለ ጆሮዬ እዚህ ላይ ልንገራችሁ፤ ታሪኩ ሁሉ የሚሄደው በሱ ነውና። ጆሮዬን ያስተማሩት የዳንግላ ጋሪዎች ናቸው። የጋሪ ጎማ የመኪና ጎማ ነው። መሃሉ ላይ ያለው ኩሽኔታም፣ ማለትም ጎማው እንደ ልቡ እንዲዞር የሚያደርገው ትናንሽ ኳሶች የታጨቁበት የብረት ቀለበት፣ ከመኪና የተወሰደ ነው። ጋሪ ግን ሞተር የለውም። የፈረሱ ኮቴና የጎማው ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ኩሽኔታው ግራሶው አልቆ ማልቀስ ሲጀምር ከገበያው ጫፍ ይሰማል። ባለ ጋሪዎቹ “ብርቄ፣ እስቲ ስሚልኝ” እያሉ ይመጡ ነበር። እኔም ከጋሪው ጎን ጎን እየሮጥኩ እሰማለሁ፤ ገበያተኛው ይስቃል፤ ፈረሱ ጆሮውን ያቆማል።

ጎማ ዝም ብሎ አይጮህም። ኩሽኔታ ሲያረጅ ዉዉዉ እያለ ያጉረመርማል፤ ፍጥነት ሲጨመር ድምፁም ይጨምራል። መሪ ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ቀኙ ጎማ ላይ ያርፋል፤ ያኔ ጩኸቱ ከባሰ የታመመው የቀኙ ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ የፍሬኑ ሸራ አልቋል። ጠጠር በፍሬኑና በመከለያው ቆርቆሮ መሃል ከገባ ሰሃን በጥፍር እንደመቧጠጥ ነው፤ ጥርስ ያፋጫል። እነዚህን በቃል ይዤ ነው የወጣሁት። ሻንጣዬ ግን በርበሬና ሽሮ ብቻ ነበር።

እዚያ ስደርስ ዘላለም አውሮፕላን ማረፊያው ጠበቀኝ። ጸጉሩ ሳስቷል። እንደ አዲስ እጮኛሞች ተፋፍረን ታክሲ ውስጥ ገባን። ሹፌሩ ቀበቶ እሰሩ አለ፤ አሰርን። ሞተሩን እስኪያስነሳ ስጠብቅ ዛፎቹ ወደ ኋላ መሄድ ጀመሩ።

“ዘላለም! መኪናው እየተንሸራተተ ነው!” ብዬ ክንዱን ጨበጥኩት።

“እየሄደ ነው እንጂ” አለኝ እየሳቀ። “በኤሌክትሪክ ነው። ሞተሩ አይጮህም።”

ዝም ብዬ አዳመጥኩ። እውነትም ከጎማው በቀር የሚሰማ የለም፤ ጎማው አስፋልቱን ሲልስ፣ ውሃ ላይ ሲያልፍ፣ ድልድይ ሲወጣ፣ ሁሉም ለየብቻው ይሰማል። “ይኼማ ጋሪ ነው” አልኩት። ዘላለም ለሹፌሩ ተረጎመለት። ሹፌሩም ትንሽ አሰበና “ፈረሱ የት አለ?” አለ። በዚያ አገር የሰማሁት የመጀመሪያ ቀልድ እሱ ነው፤ ቀጣዩን ለመስማት ረጅም ጊዜ ጠብቄያለሁ።

ከዚያ መንገዱ ወደ መሬት ውስጥ ገባ። ቁልቁል፣ ቁልቁል፣ አሁንም ቁልቁል። ዘላለም “አሁን ከላያችን ባሕር ነው” አለኝ። ከላዬ መርከብ እየሄደ፣ ዓሣ እየዋኘ፣ እኔ ከሥር በደረቅ አስፋልት ላይ ተቀምጫለሁ። የዘንገናን ሐይቅ አሰብኩ። ልጆች ሆነን ጥልቀቱን የሚያውቅ የለም ይሉን ነበር፤ ዳር ቆመን ድንጋይ እየወረወርን እንፈራው ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን የባሕር ሆድ ውስጥ መብራት ተክለዋል። በልቤ “አቤት የሰው ልጅ!” አልኩ። ጸሎትም ይሁን ፍርሃት እስካሁን አልለየሁትም።

የምንኖርበት ከተማ ትንሽ ነው፤ ከባሕሩ ጠርዝ ላይ ያለ፣ ከኋላው ተራራ የቆመበት። ዝናቡ የቆሰበርን ዝናብ ያስንቃል ብል ምን ትሉኛላችሁ? የኛ ዝናብ በቀርከሃው ላይ ሲወርድ ድምፅ አለው፤ ይጮሃል፣ ይጨርሳል፣ ፀሐይም ታወጣለች። የነሱ ጎረቤት ቤት ሊያመሽ እንደመጣ ሰው ቁጭ ይላል። ድንች ግን ይበላሉ! በዚህ ተጽናናሁ። ድንች ቅቅል፣ ድንች ከዓሣ ጋር፣ ድንች በዓል ላይ። የኛን ድንች ያህል አይጣፍጥም፤ ጨው ብቻ ነው የሚያውቁት። ብሩኑስት የሚሉት ቡናማ አይብ ደግሞ አላቸው። አይብ መስሎኝ ጎረስኩ፤ እንደ ከረሜላ ጣፈጠኝና ደነገጥኩ።

የተከራየነው የሶልቪን ምድር ቤት ነው። ሶልቪ ባሏ የሞተባት፣ ከእናቴ የምትበልጥ ሴት ናት። በነሱ ቋንቋ አንቱ የሚባል የለም፤ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም አንተ ነው። ስሟን ብቻ ጠርቼ “አንቺ” ስል ምላሴ ይተሳሰርብኝ ነበር። ስለዚህ “እማማ ሶልቪ” አልኳት። “እማማ ምንድን ነው?” አለች። ዘላለም “የክብር ስም ነው” አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፖስታ ሳጥኗ ላይ “እማማ” ካልተጻፈ ብላ ትቀልዳለች።

ሥራ ለሚፈልጉ ሰዎች የተቋቋመ ቢሮ አለ። ዘላለም ሥራ ስለነበረው አስተርጓሚ በስልክ ተሰጠኝ። ሠራተኛዋ ጨዋ ናት፤ ጥያቄዋ ግን ማለቂያ የለውም።

“ሙያሽ?”

“መካኒክ።”

“ምን ዓይነት መኪኖች ላይ ሠርተሻል?”

“የተበላሹ ላይ።”

አስተርጓሚው ሲስቅ ሰማሁት፤ ሳቁን ግን አልተረጎመውም።

“ዕድሜያቸው?”

“አብዛኞቹ ከኔ ይበልጣሉ።”

“መመርመሪያ ኮምፒውተር ነበራችሁ?”

“አልነበረንም።”

“ታዲያ ብልሽቱን በምን ታውቁ ነበር?”

“በጆሮ።”

ጣቶቿን ከመጻፊያው ላይ አነሳች። “እዚህ ቅጹ ላይ የሚመረጠው ውስጥ ጆሮ የሚል የለም” አለችኝ። “ጽዳት የሚል ግን አለ።”

ጽዳት ገባሁ። ጽዳት ነውር አይደለም፤ ግን ደረጃ እየወለወልኩ ከታች መኪና ባለፈ ቁጥር “የኋላ ግራ” እያልኩ ብቻዬን አወራ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እማማ ሶልቪ ገበያ አብሬያት እንድሄድ ጠየቀችኝ። አሮጌ መኪና አላት። ከተማውን እንደወጣን ዉዉዉዉ የሚል ድምፅ ከሥራችን ተነሳ፤ ፍጥነት ስትጨምር እሱም ጨመረ። ወደ እሷ ዞርኩ፤ እሷ መንገዱን ታያለች።

“እማማ ሶልቪ፣ ይህ ድምፅ?”

“አዎ” አለች። “ራዲዮውን ከፍ ሳደርገው ይጠፋል።”

ቋንቋዬ ገና ሕፃን ነበር፤ ጥያቄዬ ሁሉ በአፍና በእጅ ነው። ፍሬን ያዢ አልኳት፤ ድምፁ አልተለወጠም። ማርሹን ነፃ አድርጊው አልኳት፤ አሁንም ያው ነው። አደባባይ ስናገኝ “ዙሪ” አልኳት። ዞረች። “አሁንም ዙሪ!” ዞርን፣ ዞርን፤ ከጎናችን ያለው ሹፌር አፉን ከፍቶ ቀረ። እማማ ሶልቪ እንደ ልጅ ትስቃለች። ወደ ግራ ስንዞር ድምፁ ትንሽ የበረታ መሰለኝና ፈረድኩ፤ የፊት ቀኝ ኩሽኔታ። በነሱ ቋንቋ ዩልላገር ይባላል፤ ስልኬ ላይ ፈልጌ አሳየኋት። ፊቷ ተለወጠ። “እንግዲያው አሁኑኑ እንሂድ” አለች።

የወሰደችኝ የራግናር ጋራዥ ነው። ራግናር ጢማም፣ ረጅም፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። መኪናውን በአንድ ቁልፍ ወደ ላይ ሲያነሳው ቆሜ አየሁ። እኛ ክሪክ ላይ ወገባችን እስኪቆረጥ የምናነሳውን እሱ በአንድ ጣት አደረገው። የዳንግላ ልጆች ይህን ቢያዩ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ጎማውን በአንድ እጁ አዞረና በሌላው እጄን ይዞ ሞላው ላይ አስቀመጠው፤ ጎማውን የሚሸከመው ጥቅልል ብረት ላይ። “ተሰማሽ?” አለኝ። የተበላሸ ኩሽኔታ ቢሆን ብረቱ እጅ ውስጥ ይንዘረዘር ነበር። ምንም የለም። ጎማው እንደ ቅቤ ይዞራል።

ተሳስቼ ነበር።

ራግናር አልሳቀም። መዳፌን ጎማው ላይ አድርጎ ወደ ፊት አስሄደው፤ ለስላሳ ነው። ወደ ኋላ ሲመልሰው መጋዝ ነው፤ ጥርስ ጥርስ ሆኖ ተበልቷል። ለካ የሚጮኸው ላስቲኩ ኖሯል። የተበላ ጎማና ያረጀ ኩሽኔታ ድምፃቸው የወንድማማች ነው። የሚለዩት መንገድ በመቀየር ነው። ጎማ ከሆነ ሸካራ አስፋልት ላይ አንድ ዓይነት፣ ለስላሳው ላይ ሌላ ዓይነት ይጮሃል፤ ኩሽኔታ ግን የመንገዱ ነገር አይመለከተውም። እኔ ይህን ከየት ልማር? ከቆሰበር እስከ ዳንግላ አስፋልቱ አንድ ነው፤ ከሱ ከወጡ ደግሞ ኮረት ነው፤ ኮረት ላይ ከተሳፋሪ ጩኸት በቀር የሚሰማ የለም።

የፊት ጎማዎቹን ከኋላ፣ የኋላዎቹን ከፊት አደረገና ሦስታችንም ይዘናት ወጣን። እመኑኝ፣ ድምፁ ከእግራችን ሥር ተነስቶ ሄዶ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ! እማማ ሶልቪ ዞራ አየች፣ ሰው የገባ መስሏት። ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ልቤ ሞልቶ አያውቅም። ያውም በቁሜ በተሳሳትኩበት ቀን። ምናልባት የማላውቀው ነገር በማውቀው ነገር በኩል ስለመጣልኝ ይሆናል።

ስንመለስ ራግናር “ፍሬን አለመሆኑን በምን አወቅሽ?” አለኝ። ነገርኩት። “ማርሽ አለመሆኑንስ?” ነገርኩት። ጢሙን አሸት አሸት አደረገና “ሰኞ ነይ” አለ። ሰኞ ሄጄ ጀመርኩ። ፕራክሲስ ይሉታል፤ እየሠሩ መማር ነው። የሥራ ቢሮዋም ሠራተኛ ይህን ስትሰማ ከልቧ ደስ አላት፤ ፕራክሲስ የሚመረጠው ውስጥ ነበራ።

በጋራዡ ያየሁትን ሁሉ ልጻፍ ብል አልጨርስም። ሁለቱን ብቻ ልንገራችሁ። ሰዎቹ የበጋ ጎማና የክረምት ጎማ አላቸው። ወቅቱ ሲዞር ያወለቁትን የት እንደሚያስቀምጡት ታውቃላችሁ? ደክሆቴል ውስጥ። ደክ ጎማ ነው፤ ሆቴሉን እናንተው ታውቁታላችሁ። ጎማው ታጥቦ፣ ስሙ ተለጥፎበት፣ ደረቅ ክፍል ውስጥ በመደርደሪያ ተኝቶ ይከርማል። ይህን ለዘላለም ነገርኩት። እሱ መጀመሪያ የገባ ጊዜ በመጠለያ ካምፕ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በአንድ ክፍል ተፋፍጎ ነው የከረመው። “ጎማ ሆኜ በመጣሁ” አለ። ሳቅን፤ ከዚያ ሳቁ አለቀብን።

ሁለተኛው ሚስማሩ ነው። እኛ ጎማ ውስጥ ሚስማር ስናገኝ ያስቀመጠውን ሰው እንረግማለን። እነሱ ለበረዶ እንዲሆን ጎማው ላይ ሆን ብለው ጥቃቅን ሚስማር ያስመታሉ፤ ፒግደክ ይሉታል። በደረቅ አስፋልት ሲሄድ ትልቅ ምጣድ ላይ ሽምብራ እንደሚቆላ ይንጣጣል። በረዶው ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ይጠፋል። የመጀመሪያው በረዶ የወረደ ቀን ከጋራዡ በር ወጥቼ ቆምኩ። መኪኖቹ ያልፋሉ፣ ድምፅ የላቸውም፤ ከተማው ሁሉ ጆሮው ውስጥ ጥጥ የተከተተ ይመስላል። ራግናር መጥቶ ከጎኔ ቆመና “ስቲለ” አለኝ። ጸጥታ ማለት ነው። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። እግዜር ራሱ ማርሽ ነፃ አድርጎ የቆመ መሰለኝ።

በረዶው ሳይቀልጥ ነው አባዬ የደወለው። ምሳ ላይ ነበርን። አባዬ በሥራ ሰዓት ደውሎ አያውቅም፤ ስሙን ስክሪኑ ላይ ሳይ ዳቦዬን አስቀምጬ አነሳሁ።

“ብርቄ፣ ሥራ ላይ ነሽ?”

“ምሳ ላይ ነኝ አባዬ። ምነው? እናቴ ደህና ናት?”

“ሁላችንም ደህና ነን። ጎማው ብቻ ነው።”

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ለሠርግ ወደ ቻግኒ ይወርዳሉ። አባዬ ዘመዶችን ከዘንገና በኩል ጭኖ ቆሰበር ሲደርስ ከፊት ቀኝ ጎማ ድምፅ ሰማ። ወርዶ አየ፤ የሚታይ ነገር የለም። የዚያ ጎማ ኩሽኔታ በቅርቡ ተቀይሮ ነበርና አዲሱ ቶሎ ተበላሸ ብሎ ተናደደ። ከፊቱ ደግሞ የቻግኒ ቁልቁለት አለ። ሰዎቹ ቸኩለዋል፤ ሙሽራው ቀድሟቸዋል።

“ዉዉ ይላል ወይስ ቋ ይላል?” አልኩት።

“አንዳንዴ እንዲህ አንዳንዴ እንዲያ ነው። እኔ እንጃ ልጄ። ጋሽ ምትኩ እንጸልይና እንሂድ እያሉ ነው።”

ጋሽ ምትኩ የማኅበረ ምእመናኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ያለ ማይክ አዳራሽ ይሞላል። ጋቢና ከአባዬ ጎን ተቀምጠዋል። ስልኩን እንዲሰጣቸው ለመንኩት።

“ልጄ ብርቅነሽ! ጌታ ይባርክሽ! ብርዱ እንዴት ነው? ዘላለም እንዴት ነው?”

“ሁላችንም ደህና ነን ጋሽ ምትኩ። እባክዎ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። አባዬ ቀስ ብሎ፣ ሜዳው ላይ ብቻ፣ በሰው እርምጃ ይነዳል። እርስዎ እጅዎን በመስኮት ያውጡና ስልኩን ወደ ጎማው ያስጠጉልኝ።”

“ወደ ጎማው?”

“አዎ፤ ጎማውን ላናግረው ነው።”

እኛ ጋ ደግሞ የአየር መሙያው ማሽን እየጮኸ ነው። ራግናርን አየሁት፤ ፊቴን አይቶ ተነሳና አጠፋው። ማሞቂያውን አጠፋ። ራዲዮኑንም አጠፋ። ሌላውም ጢማም ሠራተኛ ዳቦውን እንደያዘ ቆመ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

መጀመሪያ ዝናብ መጣ። የኛ ዝናብ። ቀጥሎ የባጃጅ ጥሩንባ። ከዚያ ሴቶች የኋላ ወንበር ላይ በአዊኛ ሲያወሩ። የአገሬ መንገድ በሙሉ ያ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ፤ ሁለት ጢማም ሰዎች በበረዶ መሃል አንገታቸውን ደፍተው የቆሰበርን መንገድ ይሰማሉ። ከሁሉም በላይ የሚሰማው ግን የጋሽ ምትኩ ጸሎት ነበር።

“ጋሽ ምትኩ” አልኩ፤ “ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጸሎቱን በሆድዎ ይሁን። እግዜር በሆድም ይሰማል፤ እኔ ግን መስማት የምችለው በጆሮ ብቻ ነው።”

ዝም አሉ። ያኔ መጣ።

ቋ። ቋ። ቋ።

ኩሽኔታ በሰው እርምጃ ሲነዳ ዝም ይላል። ይህ ግን መኪናው በዘገየ ቁጥር እየጠራ፣ እየተለየ ይመጣል፤ በመሃሉም ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ ክርርር የሚል አለ። ራግናርን ቀና ብዬ አየሁት። እሱም እኔን አየኝ፤ አንድ እጁን አንስቶ የማይታይ የጎማ ማሰሪያ ዳዶ በጣቶቹ አዞረ። በአንድ ጊዜ አወቅን።

“አባዬ! አቁም! ቀስ ብለህ፣ መሪውን ሳታጥፍ አቁም! ሰው ሁሉ ይውረድ!”

ሲቆም ሰማሁ። በሩ ተከፈተ። ሴቶቹ “ምንድን ነው? ምንድን ነው?” ይላሉ። የጎማው መሃል በፕላስቲክ ክዳን የተሸፈነ ነው፤ ለዚህ ነው ወርዶ ሲያይ ያልታየው። “ክዳኑን ንቀለው” አልኩት። ሲነቅለው ሰማሁ። ከዚያ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ።

“አባዬ?”

“ሁለቱ ዳዶ የሉም” አለኝ። “አንዱ ቡሎን ተሰብሯል። የቀሩትን በጣቴ አዞርኳቸው፤ ዞሩ።”

ጋሽ ምትኩ “ጌታ ሆይ!” አሉ። ጎማው ሊወጣ ትንሽ ነው የቀረው። ከፊት ለፊታቸው ቁልቁለቱ ነበር፤ ከኋላ ወንበር ላይ ደግሞ ሴቶችና አዛውንት።

ደሜ ፈላ። “ማነው ይህን ጎማ ያሰረው? የትኛው ጋራዥ ነው? ስሙን ንገረኝ! እዚህ ሆኜ ነው የምሰድበው!”

አባዬ ዝም አለ። ራግናር ቋንቋውን ባያውቅም ዝምታውን ሰምቶ ዓይኑን ከስልኩ ላይ አነሳ።

“እኔ ነኝ” አለ አባዬ።

እናንተ የአባዬን እጅ አታውቁትም። እሱ ያጠበቀውን ዳዶ ለመፍታት እኔ ቁልፉ ላይ በሁለት እግሬ ቆሜ እዘል ነበር። ጋራዡ ውስጥ በስሙ “የአለሙ እጅ” እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ የሱ መኪና ሲመጣ ቁልፉን የምናረዝምበትን ቧንቧ ነበር የምናዘጋጀው። አሁን ያ እጅ ያሰረው ዳዶ በራሱ ተፈትቶ መንገድ ላይ ወድቋል።

“ትከሻዬ ነው” አለኝ፤ ከሰዎቹ ራቅ ብሎ ሳይሆን አይቀርም፤ ዝናቡ በረታብኝ። “ካለፈው ክረምት ጀምሮ እምቢ ብሎኛል። አንድ ሰው ይዞ የሚያግዘኝ ብጠራ ሊወራ ነው። በቃ ጠብቋል ብዬ ነው። እናትሽ እንዳትሰማ።”

ብዙ የምለው ነበረኝ። ያልኩት ግን “ከሌሎቹ ጎማዎች አንዳንድ ዳዶ ፍታ” ብቻ ነው። “ይህንን ጎማ ከነቸርኬው አውልቀህ መለዋወጫውን እሰር። በተቃራኒ፣ በተቃራኒ አጥብቁት፤ ጎን ለጎን አይሁን። አባዬ፣ አንተ ግን አታጥብቅ።”

ከዘንገና የመጡት ገበሬዎች ለሠርግ የለበሱትን ጋቢ ለሴቶቹ ሰጥተው ተረባረቡ። “ደግሞ! ደግሞ!” እያሉ ሲስቁ ሰማኋቸው፤ አንዱ ቁልፉ ላይ ቆሞ ነበር መሰለኝ። ራግናር “ተቃራኒውን ንገሪያቸው” ይለኛል፤ ነግሬያቸዋለሁ እለዋለሁ፤ “ደግመሽ ንገሪያቸው” ይለኛል። ሠርገኞቹ በሌሎች መኪኖች ተከፋፍለው ወደ ቻግኒ ሄዱ። ጋሽ ምትኩ ሳይሳፈሩ ስልኩን ያዙና “ልጄ፣ ዛሬ በሠርጉ ላይ የምናገረው ተለውጧል” አሉኝ። ምን ብለው እንደተናገሩ እስካሁን አልሰማሁም።

አባዬ ባዶውን ሚኒባስ ወደ ጋራዥ ሊወስደው ተነሳ።

“ስልኩን አትዝጋው” አልኩት። “መስኮቱን ክፈትና ወንበሩ ላይ አስቀምጠው። አንዴ ደግሜ ልስማው።”

አስቀመጠው። ሞተሩ ተነሳ፤ ማርሽ ገባ። ጎማው በእርጥቡ አስፋልት ላይ ሽሽሽ እያለ ሄደ። ቋ የለም። ክርርር የለም። ራግናር ለአፍታ ሰማና ራሱን ነቅንቆ ወደ ሥራው ሄደ፤ የአየር መሙያውን ግን አላበራውም።

“ሰማሽ?” አለኝ አባዬ።

“ምንም የለም አባዬ። ደህና ነው።”

“ምንም ከሌለ ለምን አትዘጊውም? ብር ይበላል።”

“ትንሽ ልስማ።”

ነዳ። ማርሽ ሲቀይር ትንፋሹን ሳብ ሲያደርግ ሰማሁ፤ ትከሻው ይሆናል። እንዳልሰማ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ዝናቡ ጣሪያው ላይ ነበር፤ ከሩቅ ሰው ይጣራል፤ የሆነ ቦታ ላይ ውሃ ረጨ። እኔ ጠረጴዛው ላይ ጆሮዬን አስጠግቼ፣ አጠገቡ እንደተቀመጠ ተሳፋሪ፣ መንገዱን በድምፁ እየለየሁ አብሬው ሄድኩ። ድልድዩን አለፍን። ከድልድዩ ቀጥሎ ያለው መታጠፊያ ጋ ልንደርስ ስንል ኔትወርኩ ተቆረጠ።